በቀን 4,500 ብር

በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ሲገባ፣ ምግብ ቤቴ በቀን 4,500 ብር እንደሚሸጥ የሚገልጽ ወረቀት ተሰጠኝ። ያመጣው ልጅ ትሑት ነበር፤ የምፈርመው መቀበሌን እንጂ መስማማቴን እንዳልሆነ ራሱ አስረዳኝ። ፈርሜ ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ተቀመጥኩ። እህቴ ከማድቤት ወጥታ «ምንድን ነው?» ስትለኝ ወረቀቱን ዘረጋሁላት። አንብባ ዝም አለች። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ደብተሯን ከመደርደሪያው አወረደችና የሰኔን ገጾች መደመር ጀመረች።

ስለዚያ ክረምት ብዙ ተብሏል። የቀን ገቢ ግምቱ ሲነገር አምቦ፣ ወሊሶና ጊንጪ ሱቆች ተዘግተዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥም መርካቶና ኮልፌ አካባቢ መዝጊያቸውን ያወረዱ ነጋዴዎች ነበሩ። የአገሩን ነገር ሌሎች ይጻፉት። እኔ የምመሰክረው በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሆነው ነው። ዛሬ ንግድ የሚጀምሩ ወጣቶች «በግል ፈቃድ ልሥራ ወይስ ማህበር ላቋቁም? የትኛው ደረጃ ይሻለኛል?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ መልሱን የተማርኩት በዚያ ባለፍኩበት ነገር ስለሆነ፣ ከነሕመሙ መናገር ይኖርብኛል።

ያስፈራን ቁጥሩ የሚያስከትለው ነገር ነው። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ነጋዴውን በሦስት ደረጃ ይከፍለው ነበር። ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነ ደረጃ «ሐ»፣ ከዚያ እስከ 1,000,000 ያለው ደረጃ «ለ»፣ ሚሊዮን የሞላው ደረጃ «ሀ» ነው። እኛ ከተከፈትን ጀምሮ ደረጃ «ሐ» ነበርን። ሐምሌ ሲገባ ቁርጥ ግብራችንን እንከፍላለን፣ ፈቃድ እናሳድሳለን፣ ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ግምቱ ከ2003 ወዲህ ስላልተከለሰ ከፍ እንደሚል ማንም ነጋዴ ያውቅ ነበር፤ እኔም ጠብቄዋለሁ። ነገር ግን 4,500 በ300 የሥራ ቀን ሲባዛ 1,350,000 ይመጣል። በአንድ ወረቀት ከ«ሐ» ተነሥተን «ለ»ን ዘለልንና «ሀ» ላይ አረፍን።

ደረጃ «ሀ» የተሟላ የሒሳብ መዝገብ ይፈልጋል፤ በእኛ ሽያጭ ልክ ደግሞ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽንና 15 በመቶ ቫት አብረው ይመጡ ነበር። ደረሰኝ ሳይቆርጡ መገኘት 50,000 ብር ያስቀጣ ነበር። ቫት የሚከፍለው በላተኛው ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ከእኛ አጥር ቀጥሎ ያለው ቤት ቫት ካልጨመረ በላተኛው ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ዕቃ ሲገዙ የከፈሉትን ቫት ከሰበሰቡት ላይ ይቀንሳሉ። እኔ በሬ የምገዛው ከገበሬ፣ ቅቤና በርበሬ የምገዛው ከባልቴት ነው፤ የምቀንሰው ቫት እምብዛም የለኝም።

ግምቱ ስህተት መሆኑን ያወቅኩት በመከፋቴ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያው ነው። ገማቾቹ የመጡት ግንቦት ላይ፣ በምሳ ሰዓት ነበር። በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 8 ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው ናቸው፤ በዓመት ውስጥ ጥብስና ክትፎ የሚሸጥ ቤት እንደዚያ የሚሞላበት ሌላ ጊዜ የለም። የካቲት 13 ዐቢይ ጾም ገብቶ ለ55 ቀን ቢላችን ተሰቅሎ እንደነበር፣ ብዙዎቹ ወንበሮቻችን ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው እንደዋሉ፣ ከአስተናጋጆቹ ሁለቱ አገራቸው ደርሰው እንደመጡ ያየ ገማች አልነበረም። ፍልሰታም አለ፣ ነነዌም አለ፣ ከሃምሳው ውጪ ዓመቱን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ አለ። በጾም ቀን አንዘጋም፤ ሽሮና በያይነቱ እንሸጣለን። የሽሮ ዋጋ ግን የጥብስ ዋጋ አይደለም፤ የሚመጣውም ሰው ያው አይደለም። እነዚያ ሰዎች ክፋት ነበራቸው አልልም። በዓመቱ እጅግ የሞላውን ሳምንት አይተው ዓመቱን በሙሉ በእሱ ለኩት።

ከወረቀቱ በኋላ ያሉት ሌሊቶች ከባድ ነበሩ። እህቴ ደም ግፊት አለባት፤ መድኃኒቷን እየረሳች እኔ አስታውሳት ጀመር። ሠራተኞቹ ምንም አልጠየቁኝም፤ ይህ ይበልጥ ያስጨንቀኝ ነበር። አንዲት ሳህን የምታጥብ ልጅ ከእኛ በምታገኘው ደመወዝ ታናሽ ወንድሟን ታስተምራለች፤ ማታ ማታ ተሰናብታን ስትወጣ «ነገ እንገናኝ፣ እትዬ» የምትለኝ ቃል ልመና ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤቶቻችን ፈቃድ ለመመለስ ተሰልፈው ዋሉ። እኔም አብሬ ቆሜያለሁ። እዚያ ሰልፍ ላይ ነው የንግድ በር መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ መሆኑን የተረዳሁት። ፈቃድ ለመመለስ የግብር ክሊራንስ ያስፈልጋል፤ ክሊራንስ ለማግኘት ደግሞ ግብሩ መከፈል አለበት፤ ግብሩ የሚሰላው ከተጣላነው ግምት ነው። ከፊቴ የቆመ ልብስ ሰፊ መኪናውን ሸጦ እንደሚከፍል ነገረኝ። መኪና የሚለው የስፌት መኪናውን ነበር። ያን ሰው ከዚያ በኋላ በሠፈራችን አላየሁትም፤ ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ያመኛል።

ከሰልፉ ያወጡኝ አንድ ደንበኛችን ናቸው። ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጓዳችን ገብተው ተቀመጡና «ገበያሽን አትንገሪኝ፤ አሳዪኝ» አሉኝ።

እህቴ ደብተሯን አመጣች። በየማታው የሸጥነውን በእርሳስ የጻፈችበት፣ ዘይት የነካው፣ ጠርዙ የተቀደደ ደብተር ነው። ጋሼ ገልጠው ገልጠው «ይህ ጥሩ ነው፤ ግን የጻፍሽው አንቺው ነሽ። ሌላ ሰው የጻፈው ምን አላችሁ?» አሉ። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ለጠየቀኝ ነጋዴ ሁሉ እደግመዋለሁ። ሌላ ሰው የጻፈው ነበረን። በሬ የምናሳርደው ቄራ ነው፤ ቄራው ለያንዳንዱ ዕርድ የአገልግሎት ደረሰኝ ይሰጣል። እህቴ ምንም ወረቀት አትጥልም፤ ደረሰኞቹን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አጭቃ አስቀምጣቸዋለች። መሬት ላይ ዘረጋናቸው። በፍስክ በሳምንት አንድ በሬ፣ ሳምንቱ ቀዝቀዝ ካለ ከሌላ ሥጋ ቤት ጋር ተካፍለን ግማሽ። ከየካቲት 13 እስከ ፋሲካ ዋዜማ አንድም የለም። በነሐሴ የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት አንድም የለም።

ጋሼ በማስመሪያ ሰንጠረዥ አሰመሩ። በአንዱ ዓምድ ወሩ፣ በሁለተኛው የጾም ቀኖቹ፣ በሦስተኛው የታረደው በሬ፣ በአራተኛው የደብተሩ ሽያጭ። ደብተሩና ደረሰኙ አብረው ይወጡ፣ አብረው ይወርዱ ነበር። እህቴ በእርሳስ የጻፈችው ሁሉ እውነት መሆኑን ቄራው ሳያውቅ መስክሮላታል። እሷ ሰንጠረዡን ስታይ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ከዚያ ወረቀት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሕጉ በዚያን ጊዜ የሚፈቅደውን ጋሼ አስቀድመው አስረዱኝ። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 መሠረት በታክስ ውሳኔ ያልተስማማ ሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን ለመሥሪያ ቤቱ ያቀርባል። እዚያ ካልረካ በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይሄዳል፤ ግን የተከራከረበትን ግብር ግማሽ አስቀድሞ ማስያዝ አለበት። «ግማሹን ከየት ታመጪዋለሽ? ስለዚህ ነገርሽን እዚሁ ታች ጨርሺው» አሉኝ። ይህ ምክር ወርቅ ነው። ትንሽ ነጋዴ ነገሩ ወደ ላይ ሲወጣ ገንዘቡ ያልቃል፤ ማስረጃውን ከመጀመሪያው ደጅ ይዞ መገኘት አለበት።

ቅሬታ ሰሚዎቹ ፊት የቀረብነው ከብዙ ሰው በኋላ ነው። ከፊታችን የገቡት ድምፃቸው እስከ ደጅ ይሰማ ነበር። አንዲት ሴት ሰንጠረዡን ተቀብላ ጠየቀችኝ።

«በጾም ቀን ትዘጋላችሁ?»

«አንዘጋም።»

«ታዲያ ትሸጣላችሁ ማለት ነው።»

«እንሸጣለን፤ ሽሮ እንሸጣለን። የረቡዕና የሐሙስን ገጽ ጎን ለጎን ይዩልኝ።»

አየች። ከጎኗ ያለው ሰው የቄራውን ደረሰኝ አንድ በአንድ አነሣ፤ ቀኑን ከደብተሩ ጋር አስተያየ። አንደኛው ደረሰኝ ላይ ቀኑ ደብዝዞ ነበርና ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። ያን ጊዜ እህቴ እጄን ያዘችኝ። ሰውየው ተመልሶ ተቀመጠና «ልክ ነው» አለ። ያን ቃል ሲናገር ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር እፎይታ ይመስለኛል፤ ቀኑን ሙሉ ጩኸት ሲሰማ ለዋለ ሰው የሚያመሳክረው ወረቀት ማግኘት ዕረፍት ነው።

ግምቱ ወደ 2,900 ወረደ። በ300 ሲባዛ 870,000፤ ደረጃ «ለ»። ከነበርንበት ከፍ ብሏል፤ ግን እውነት ነበር፣ እኔም ያለ ቅሬታ ፈረምኩ። ግብር መክፈልን ጠልቼ አላውቅም። የምጠላው ያልሸጥኩትን እንድከፍል መደረጉን ነው።

ጋሼ ግን በዚህ አልተውንም። «ዳግመኛ ማንም እንዳይገምታችሁ ከፈለጋችሁ ድርጅታችሁ ምን እንደሆነ ዛሬ ወስኑ» አሉ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረው «አንቺ እዚህ ቤት ማን ነሽ?» ብለው ጠየቋት።

ጥያቄው ሁለታችንንም አደረቀን። ፈቃዱ በእኔ ስም ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የቤት ኪራይ ውሉ፣ የመብራት ቆጣሪው በእኔ ስም ነው። የመጀመሪያውን ምድጃ፣ ድስትና ሳህን የገዛነው ግን የእሷ ወርቅ ተሸጦ ነው። ማድቤቱ የእሷ ነው፤ የክትፎው እጅ የእሷ ነው፤ ያዳነን ደብተር የእሷ ነው። ገንዘብ ስትፈልግ ከመሳቢያው ትወስዳለች፣ እኔም እወስዳለሁ። በብዙ ቤት እንዲህ ነው፤ ወንድምና እህት፣ ባልና ሚስት አብረው ይሠራሉ፣ አንዱ ብቻ በወረቀት ላይ አለ። ሌላው ግብር ሰብሳቢው ፊት፣ ባንክ ፊት፣ ፍርድ ቤት ፊት፣ ካርታ ላይ እንዳልሰፈረ መንደር ነው።

ጋሼ መንገዶቹን በቁጥር አስረዱን። እንዲመች ብለው የዓመቱን ትርፍ 120,000 ብር አደረጉት። በዚያን ጊዜው ሠንጠረዥ፣ እኔ ብቻዬን ግለሰብ ነጋዴ ሆኜ ብከፍል የመጀመሪያው 7,200 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ቀሪው ከ10 በመቶ እየተነሣ እስከ 35 ድረስ ይወጣል። ለ120,000 የሚደርሰው 24,540 ብር ነው። ግለሰብ ነጋዴ ለራሱ ደመወዝ ከፈልኩ ብሎ ከወጪ መያዝ አይችልም።

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ብናቋቁም ደግሞ ማህበሩ «ድርጅት» ስለሚባል ሽያጩ ትንሽም ቢሆን ደረጃ «ሀ» ነው። የሽርክና ማህበርም እንዲሁ። ነፃ የሚሆን መነሻ የለም፤ ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ 30 በመቶ ነው፤ 36,000። የተረፈው 84,000 ለባለድርሻዎች ሲከፋፈል በትርፍ ድርሻው ላይ 10 በመቶ አለ፤ 8,400። በጠቅላላው 44,400። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ነው ከማህበር የሚሸሸው። እኔም በዚህ ቦታ ላይ ብዕሩን ከጋሼ እጅ ልቀበል ነበር።

«ቆይ» አሉኝ። «በማህበሩ ውስጥ ሁለታችሁም ትሠራላችሁ። ለሠራተኛ ደመወዝ ይከፈላል።» ለእያንዳንዳችን በወር 4,000 ብር አደረጉ። የአንዳችን የሥራ ግብር በዓመት 5,970 ነው፣ የሁለታችን 11,940። ማህበሩ ከደመወዙ 11 በመቶ፣ በዓመት 10,560፣ የጡረታ መዋጮ ያዋጣል፤ ከእኛም 7 በመቶ ይቆረጣል፤ ይህ ግን ለእርጅናችን የሚቀመጥ ነው። ደመወዙና መዋጮው ሲነሣ የማህበሩ ትርፍ 13,440 ብቻ ይቀራል። 30 በመቶው 4,032፣ የትርፍ ድርሻ ግብሩ ወደ 941። ሁሉም ሲደመር ግብሩ 16,913 ብር ገደማ ሆነ። ደመወዙ ግን በእውነት የሚሠራ ሰው፣ በእውነት በየወሩ በባንክ የሚቀበለው መሆን እንዳለበት ጠበቅ አድርገው ነገሩን። በወረቀት ብቻ የሚኖር ደመወዝ ኦዲት ላይ ወጪ ሆኖ አይያዝም።

አንድ መንገድ ቀረ። እኔ ግለሰብ ነጋዴ ሆኜ እቀጥልና እህቴን በዚያው 4,000 ብር ሠራተኛ አድርጌ ልቅጠራት። ጋሼ ይህንንም አሰሉት። የእሷ ደመወዝና መዋጮ ሲነሣ የእኔ ትርፍ 66,720፣ ግብሩ 9,900፤ የእሷ የሥራ ግብር 5,970፤ ድምሩ 15,870። ከሁሉም ያነሰው ይህ ነው።

እህቴ «ሠራተኛሽ ልሁን?» አለች። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ድምፅዋ ልስልስ ያለ ነበር፤ ያ ነው አንጀቴን የበላው።

ሁለቱን ድምሮች ጎን ለጎን አየኋቸው፤ 15,870 እና 16,913። እህቴን ተቀጣሪ በማድረግና እህቴን ባለቤት በማድረግ መካከል ያለው ልዩነት በዓመት ከሺህ ብር ትንሽ ነው የሚያልፈው። ለሒሳብ ሠራተኛ የሚከፈለው ሲጨመር ልዩነቱ ከዚያ ይሰፋል፣ እሱን አልደብቅም። ግን ያን ሌሊት ስለ ገንዘብ አልተነጋገርንም። እኔ ድንገት ብሞት ልጆቼና እህቴ በምን ይተያያሉ የሚለውን ተነጋገርን። ወርቋን ማን ያስታውስላታል? ግብር የምንከፍልበትን ቅርጽ የመረጥነው በዚህ ጥያቄ ነው፤ ዛሬም ቢሆን በዚሁ እመርጣለሁ።

ሆኖም ጋሼ አላስቸኮሉንም። የ2010ን ዓመት በደረጃ «ለ» በግል ፈቃድ ጨረስን፤ እህቴ በዚያ ዓመት ደመወዟን በባንክ ትቀበል ጀመር። ከሁሉም በላይ የጠቀመን የግዥ ማረጋገጫ ሰነዱ ነው። ደረሰኝ ከሌለው ሰው ሲገዙ የሻጩን ስም፣ አድራሻና መታወቂያ መዝግቦ የሚያስፈርሙበት፣ በፈቃድ የሚታተም ጥራዝ ነው። በከብት ገበያው መሐል ከገበሬ ጋር ቆሞ ይህን ማስሞላት ቀላል አይደለም። ገበሬው ስሙ ሲጻፍ ግብር ሊጠየቅበት መስሎት ይሸሻል። በሬውን ተስማምተን፣ ገንዘቡን ቆጥረን፣ ሰነዱ ሲወጣ በሬውን ይዞ የሄደ ሰው አለ። የሚሸጥልንን ሰው መርጠን፣ ከእሱው ጋር ደንበኛ ሆነን፣ በየጊዜው እያስረዳን ነው የለመደልን።

በ2011 ሽያጫችን በራሱ መዝገብ ከሚሊዮን አለፈ፤ መሥሪያ ቤቶች ለስብሰባቸው ምሳ ያዝዙን ጀመር፤ እነሱ ደግሞ የቫት ደረሰኝ ይፈልጋሉ። ጊዜው መሆኑን ያን ጊዜ አወቅን። በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ ገና አልተለወጠም ነበርና የግል ማህበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ብቸኛ ነጋዴ ማህበር ልሁን ቢል ስሙን ብቻ የሚያውስ ሰው ይፈልግ ነበር፤ በዚህ የተነሣ ስንት ክርክር ፍርድ ቤት ደርሷል። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ባለ አንድ አባል ማህበርን ስለፈቀደ ያ ችግር ቀርቷል። እኛ ግን ሁለት ነበርን፣ በእውነትም ሁለት ነበርን።

ስም አስመረጥን፣ መመሥረቻ ጽሑፍና መተዳደሪያ ደንብ አዘጋጀን፣ ምድጃውንና ማቀዝቀዣዎቹን በዓይነት መዋጮ አስገመትን። ድርሻው እኩል በእኩል ነው። ሰነድ አረጋጋጩ ፊት ስሟ ሲጠራ እህቴ «አቤት» ብላ ተነሣች። መታወቂያዋን ሰጠች፣ ፊርማዋን አኖረች።

ማህበሩን ማቋቋም ግን ከባዱ አልነበረም። ከባዱ የቀድሞውን የግል ፈቃድ መዝጋት ነበር። ንግድ ከግለሰብ ወደ ማህበር ሲዛወር አሮጌው መዝገብ ክሊራንስ ይፈልጋል፤ ክሊራንስ ከመሰጠቱ በፊት ኦዲት ይመጣል። ኦዲተሩ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ በሬዎቹ ነበር። በምግብ ቤት ትልቁ ወጪ ሥጋ ነው፤ የሥጋው ግዥ ተቀባይነት ካጣ ወጪው ትርፍ ተብሎ ይቆጠራል፣ ግብሩም ቅጣቱም ወለዱም በዚያ ላይ ይወድቃል። በሠፈራችን የወደቁ ቤቶች የወደቁት በዚህ ነው፤ በሐምሌው ግምት የተረፉ ሰዎች ከዓመት በኋላ በኦዲት ተሰበሩ። ኦዲተሩ የግዥ ሰነዶቹን ከቄራው ደረሰኝ ጋር እያመሳከረ ቀናት ፈጀ። እኔ ከበሩ ውጪ ቡና እያፈላሁ እጠብቅ ነበር፤ ጀበናውን ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዳንድ ትናንሽ ወጪዎችን ሰርዞ ተጨማሪ ግብር ጠየቀን፤ በሬዎቹን ግን ሙሉ በሙሉ ተቀበለ። የጠየቀንን ከፈልን፣ ክሊራንሱን ወሰድን።

ኮሮና ሲመጣ ደግሞ የዚህን ሁሉ ጥቅም አየሁ። በመጋቢት 2012 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ቤታችን ባዶ ሆነ፤ ፋሲካው እንኳ ፋሲካ አልነበረም። ሠራተኞቻችንን አላሰናበትንም፣ ዓመቱንም በኪሳራ ዘጋን። ማህበራችን ግን በመዝገቡ የከሰረውን ከሰርኩ ብሎ ጥቅምት 30 ሳይደርስ አሳወቀ። የሚገምትን ሰው አልነበረም።

በሐምሌ 2017 የገቢ ግብር አዋጁ እንደገና ተሻሽሎ ደረጃ «ሐ» ቀርቷል። አሁን ያሉት ሁለት ደረጃዎች ናቸው፣ ወሰኑም 2,000,000 ብር ነው። ስለዚህ ከላይ የጻፍኳቸውን መጣኔዎች ማንም ዛሬ ለራሱ እንዳያሰላባቸው አደራ እላለሁ፤ የዛሬውን ሠንጠረዥ ይዞ ሒሳብ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይቀመጥ። ጋሼ በሕይወት የሉም። ሲያስተምሩን የነበረውን ግን እኔና እህቴ እንደ አቅማችን ለሌሎች እናደርሳለን።

በቅርቡ ከእኛ ማዶ ሁለት ጓደኛሞች ቁርስ ቤት ከፍተዋል፤ ፈቃዱ በአንደኛዋ ስም ነው፣ ዕቃውን የገዛችው ሌላዋ ናት። ስለ ቫት ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። እህቴ አስቀድማ «ገንዘቡን ያወጣችው የትኛዋ ናት?» አለቻቸው፤ ተያዩ። የመመሥረቻ ጽሑፋችንን ቅጂ አንብበውት እንዲመጡ ሰጠናቸው። ሰኞ ከሥራ በፊት ይመጣሉ፤ እህቴ አዲስ ደብተር ገዝታላቸዋለች።